በሕግ አምላክ የቆመው መኪና

ጣሊያን ዲላን በያዘበት ዘመን የሆነ ነው። ያኔ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይህኛው ግን የጭነት መኪና ሞተር በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ባለቤቴ ከቡሌ ገብስ ጭኖ ሲመለስ የይለፍ ወረቀት አልያዝክም ተብሎ ታሰረ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የነገረን አጭር ነው። "እኩለ ቀን ሳይደርስ ዋስ አምጡ። አለዚያ ከእስረኞቹ ጋር ወደ ይርጋለም ይጫናል።" ወደዚያ ተጭኖ የተመለሰ የሰፈራችን ሰው የለም።

ዋስስ ነበረን። ጎረቤታችን ሐጂ ከማል፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ከቸገራችሁ እሆናለሁ ብለውን ነበር። ያን ሰሞን ግን በወናጎ መንገድ ዘመድ ቤት ነበሩ። ሄዶ የሚያመጣቸው ትልቁ ልጄ ታደሰ ነው።

ታደሰ ከቤተ ክርስቲያኑ መምህር ዘንድ ሕግ ይማር ነበር። ጊዜውን እንደሱ የሚሸነሽን ሰው አላየሁም። ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላውን በጫማው ይለካል። ይህን ያህል ሲሆን ንባብ፣ ይህን ያህል ሲሆን ጥናት፣ ይህን ያህል ሲሆን ምሳ። ምሳው ቢቀርብም ጥላው ካልደረሰ አይበላም።

ያን ቀንም ለካና "እማዬ፣ አትስጊ። ለሁሉም ጊዜ መድቤለታለሁ። ጥላዬ እግሬ ሥር ሳይገባ ሐጂን ይዤ እደርሳለሁ" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ሰማዩ ደመነ።

እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ የጭነት መኪናው መጣ። እስረኞቹን መጫን ጀመሩ። ልቤ አልችል አለኝና ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ብዙም ሳልርቅ አገኘሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሐጂም አጠገቡ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሁለት የጌዴኦ ገበሬዎች ቆመው ይካሰሳሉ። ያንዱ ፍየል የሌላውን እንሰት በልታ ነው። ታደሰ ሕግ እንደሚማር ስለሚያውቁ ሲያልፍ "በሕግ አምላክ፣ ፍረደን!" ብለው አቁመውታል። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው ጥሎ አያልፍም።

"አንተ! አባትህን እየጫኑት ነው!" አልኩት።

"እማዬ፣ በሕግ ተጠርቼ ጥዬ ብነሳ የተማርኩት ምኑ ላይ ነው? ደግሞ ጥላው ገና ነው" ብሎ ወደ እግሩ አየ። እግሩ ሥር ጥላ የሚባል ነገር የለም። ደመና ነው።

"ስነግረው ነበር" አሉ ሐጂ። "እኔንም ታዛቢ ብለው አስቀመጡኝ እንጂ።"

ባለፍየሉ "እናቴ፣ ትንሽ ነው የቀረው። እኔ ብቻ ነኝ ያልተናገርኩ" አለኝ።

"አንተንም ፍየል ይብላህ!" አልኩት።

ወዲያው ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ወደ ኋላ ሮጥኩ። ስደርስ ባለቤቴ መኪናው ላይ ተጭኗል። አንድ ለጣሊያን ያደረ ሐበሻ ወታደር፣ አስካሪ የሚሉት፣ ሊሳፈር አንድ እግሩን አንስቷል። ከአፌ የወጣው ገበሬዎቹ ልጄን ያቆሙበት ቃል ነው።

"በሕግ አምላክ!"

ጣሊያኑ ሾፌር ዞር ብሎም አላየኝ። አስካሪው ግን ቆመ። አንድ እግሩ መሬት ላይ፣ አንድ እግሩ መኪናው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እሱ ንቅንቅ አላለም።

"አደይ፣ ምንድን ነው?" አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ በትግርኛ ቅላጼ። መቆሙ እሱንም የገረመው ይመስላል።

"ዋሳችን እየመጣ ነው። ትንሽ ብቻ።"

ለሾፌሩ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው። ሾፌሩ ጮኸበት። እሱ እግሩን አላነሳም።

ታደሰ መጣ። ሐጂ እያለከለኩ ተከተሉት። ከኋላቸው ገበሬዎቹ ፍየሏን እየጎተቱ መጡ፤ ፍርዱ ገና አላለቀማ። ሐጂ የእስር ቤቱ ሹም ፊት ዋስ ሆኑና ባለቤቴን አወረዱት። የሌሎቹ እስረኞች ዋስ አልመጣም።

አስካሪው ተሳፍሮ ሄደ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩትም። ስሙንም አላውቅ።

የባለቤቴ እጅ ገና ከገመዱ ሳይፈታ ታደሰ እዚያው በር ላይ ችሎቱን ቀጠለ። ባለፍየሉ ካሳ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ሰውዬው ዋስ ጥራ ሲባል ዙሪያውን አየና ባለቤቴን ጠራ። ባለቤቴም እሺ አለ።

ዛሬ ታደሰ የእጅ ሰዓት አስሯል፣ ሰዓት አክባሪ ነው ይሉታል። እኔ ግን ወጥ ጥጄም ቢሆን፣ መንገድ ላይ "በሕግ አምላክ" የሚል ሰው ከሰማሁ ወጥቼ እቆማለሁ። ወጡ ያራል። ይረር።