የምትሸጥበትን ዋጋ ጠይቄ የገዛኋት መኪና

ብዙዎቻችሁ ከቦሌ የወጣችሁት በሌሊት ነው። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ በሟቹ ባሌ ሚኒባስ። የሚነዳው የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተስፋዬ ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንሄድ መንገድ ላይ ውልና ማስረጃ ጎራ አለና ሚኒባሱን እንዲሸጥልኝ ውክልና አስፈረመኝ።

«ጋሼ፣ ቢቀመጥስ? ስመለስ ሠርቼ ልበላበት» አልኩት።

«አበበች፣ ቆርቆሮ እኮ ነው። ቆሞ በዋለ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ዞሮ የሚያየው የለም። ጌታ ምስክሬ ነው።»

ፈረምኩ። በሁለተኛው ወር «ሸጥኩት» ብሎ ለእናቴ የሰጣት ገንዘብ የአንድ ክረምት እህል አልገዛላትም። ለማን እንደሸጠው የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለራሱ ነበር። ስምንት ዓመት ሠራበትና በብዙ እጥፍ አተረፈበት። ጌታን ለምስክርነት የጠራ ሰው ይህን ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን አስባለሁ።

ኩዌት ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ሙቀቱን ለማያውቀው ሰው መንገር ድካም ነው። ሆሳዕና ያደግሁ ሴት ቆጮ በጎመን ሲያምረኝ ኩብዝ የሚሉትን ዳቦ እርጎ ውስጥ እየነከርኩ ዓይኔን ጨፍኜ እበላ ነበር። አሠሪዬን ማማ ነው የምላት። የሰው ቤት አጽጄ፣ አሮጊት አንስቼ አስቀምጬ፣ በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ እሷን አመላልስ ነበር። ማማ አንድ የቅንጦት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች፤ ወንበሩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው። በሦስተኛው ዓመት ልትሸጠው ስትሄድ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። የመኪና ነጋዴው ወንበሩን ዞር ብሎም አላየው። ገመድ ሰካና የባትሪውን ጤንነት አነበበ፤ ከዚያ የገዛችበትን ግማሽ የማይሞላ ዋጋ ነገራት። ማማ የሰደበችውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ግን ዝም ብዬ ተማርኩ።

ሥራ ስለቅ የተከፈለኝን የአገልግሎት ገንዘብ ይዤ ስመለስ ሐሳቤ አንድ ነበር። ያገለገለች ጥሩ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ሦስት ዓመት ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል እንግዳ ላመላልስ፣ ከዚያ ሸጬያት ሱቅ ልከፍት። ያለኝ ገንዘብ በሙሉ እሷ ላይ ሊወድቅ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛኝ ካጣሁ፣ በስድሳ ዓመቴ ኩዌት ተመልሼ የሰው አሮጊት ላነሳ ነው።

ቦሌ ቡልቡላ መኪናዬን በር ላይ ማቆም የምችልበት ምድር ቤት ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ። አከራዬ ገና ስትሰማ ተነሳችብኝ።

«መኪናሽን ከእኔ ቆጣሪ ነው የምታጠጪያት?»

«የራሴን ቆጣሪ አስገባለሁ።»

«ብታስገቢም እየጠጣች የማያት እኔ ነኝ። ትንሽ ጨምሪልኝ።»

ኩዌት እንኳ ለማየት አስከፍለውኝ አያውቁም።

በማግስቱ መኪና ልፈልግ ወሎ ሰፈር ወረድኩ። እዚህ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ቆርቆሮውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ቀለሙን ከፀሐይ አንጻር ያያል፣ የወንበሩ ላስቲክ አለመነሳቱን ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። ለሚኒባስ ይህ ይበቃ ነበር። መኪና እያረጀ ዋጋው ሲጨምር ያየን ሰዎች ስለሆንን፣ ሁሉም መኪና እንደዚያ ይመስለናል።

አንድ ጋራዥ በር ላይ ብርማ፣ የምታምር የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። መስታወቷ ላይ «የሚሸጥ» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ተስፋዬ፣ ከነአባቱ። የባሌ አባት ስም ነው። መንገዱን ተሻገርኩና ከወዲያ ማዶ ሆኜ ደወልኩለት። መመለሴን አያውቅም፤ ድምፄንም ከሰማ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ብርማ የኤሌክትሪክ መኪና አለችኝ አልኩት፤ የዚያችኑ ዓይነትና ዓመት ጠቅሼ በስንት እንደሚገዛኝ ጠየቅኩት።

«እናቴ፣ ቅር አይበልዎትና እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ይቺ መኪና ስትገዛ ታስቃለች፣ ስትሸጥ ታስለቅሳለች። ወንበሯን አይንገሩኝ፤ ባትሪዋ ስንት ቀራት? ዕቃ ቢጠፋላት ከቻይና እስኪመጣ ቆማ ሣር ይበቅልባታል። ሜኑዋ በቻይንኛ ነው፤ ሬዲዮ ለመክፈት አስተርጓሚ ሊቀጥሩ ነው? እኔ ራሴ አንዷን ይዤ አራት ወር ሙሉ አቧራ እጠርጋለሁ።»

ከዚያ ዋጋ ጠራልኝ፤ ወለል የነካ ዋጋ። «እሱም ባትሪዋ ከመቶ ዘጠና ካለፈ ነው» አለ።

«ጌታ ይባርክዎት።»

«አሜን እናቴ! ይምጡ።»

በዝምድናችን ዘመን አንቱ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሙዲን የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ተስፋዬ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«አበበች! አንቺ ነሽ? ወፍረሻል፣ ጌታ ይመስገን!»

«መኪና ልገዛ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ይቺን ያቆየኋት ለማን ይመስልሻል?» የጠራው ዋጋ በስልክ የነገረኝን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። «ወርቅ ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ከገዛሽበት በላይ ትሸጫታለሽ።»

«ባትሪዋስ?»

«ባትሪ ምን ያደርግልሻል? ላስቲኩን እዪው፣ አልተነሳም!»

ሙዲን መሣሪያውን ሰካ። ነድተን መለስናት፣ ደግሞ አነበበ። «ዘጠና ሦስት ናት፤ ጤነኛ ነች» አለኝ በጆሮዬ።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። የጋሼ ኪስ ጮኸ። ቁጥሩን አየና «ይቅርታ፣ ትናንት መኪና ልትሸጥልኝ የነበረች ሴትዮ ናት» ብሎ አነሳው።

«አቤት እናቴ!»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩት፣ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ።

ሙዲን ሳቁን ሊደብቅ ኮፈኑ ውስጥ ገባ። ጋሼ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ያየኛል።

«ባትሪዋ ከዘጠና በላይ ናት። ትናንት በጠሩት እወስዳታለሁ።»

«ያ እኮ የመግዣ ዋጋ ነው! መግዣና መሸጫ አንድ ይሆናል እንዴ?»

«የእኔ ሚኒባስ ጊዜ አንድ ነበር። ሻጩም እርስዎ፣ ገዢውም እርስዎ።»

ዝቅ ባለ ድምፅ «ትንሽ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርኩለት። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ ሞኝ እንዳትሉኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ወንድሜ ቢያይሽ...» ብሎ ጀመረ።

«እሱን አያንሱብኝ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያ እንግዳዬን ልቀበል ቀበቶዬን አስሬ ተቀምጬ፣ ኩዌት ማማ ቤት ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል አብራኝ ላደረችው ለዘይነባ ደወልኩላት። በቪዲዮ መሪውን አሳየኋት፣ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን የቡልቡላ ጭቃም አሳየኋት። ማሽአላህ፣ ማሽአላህ ስትል ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔም ልምጣ?»

ነይ ልላት አፌን ከፈትኩ። የቤት ኪራዩ ግን ትዝ አለኝ። «ስትመጪ ቦሌ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅሽ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ቻልኩ። ስትመጪ አልኩ እንጂ ነይ አላልኩም፤ ልብ ብላው ይሆናል።

ወዲያው ከኋላዋ የማማ ድምፅ ተጣራ። ዘይነባ «ጃያ ማማ! መጣሁ!» ብላ ስትጮህ፣ እኔም ከመሪው ኋላ ብድግ አልኩ።

ቀበቶው ያዘኝና መልሶ አስቀመጠኝ።