ሳተርንን «አየሁ» ያልኩበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ጭሮ ላይ፣ በወር አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ የትምህርት ቤታችን ሜዳ በሰው ይሞላ ነበር። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት የፊዚክስ አስተማሪያችን ቴሌስኮፓቸውን እዚያ ይተክላሉ፤ በደንብ እስኪጨልም ግን ወጉ የአባባ ሙሜ ነው። አባባ ሙሜ የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በሚኤሶ ቆላ ግመል ነድተዋል። ያኔ ጭራሮ አንድደን እንከባቸውና፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ኮከቡን «ኡርጂ» እያሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ሲያወጉን እንሰማ ነበር።

አንድ ምሽት አቧራ ሰማዩን ሸፍኖባቸው ስለተጓዙ ግመል ነጂዎች ተረኩልን። መሪው «የሚመራን ኮከብ ታየህ?» ሲሉት፣ አልታየኝም ለማለት አፍሮ «አዎ» አለ። የተከተሉትም አንድ በአንድ «እኛም አየነው» አሉ። ሲነጋ ሊደርሱበት ላሰቡት የውኃ ጉድጓድ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ ማደራቸውን አወቁ። እኛ ልጆቹ በሞኝነታቸው ሳቅን።

ከዚያ ፍሙን አመድ አልብሰን ተሰለፍን። የዚያን ዕለት የምናየው ሳተርንን ከነቀለበቷ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሁሉ «አየሁ! እንዴት ታምራለች!» እያሉ አለፉ። ተራዬ ደርሶ ጎንበስ ስል ጨለማ ብቻ ሆነብኝ።

«አየሽ፣ ሐያት?» አሉኝ አስተማሪው።

«አየሁ፣ ቲቸር።»

«ቀለበቷንስ?»

«እሷንም።»

ከእኔ በኋላም ሦስት ልጆች አየን አሉ። ቀጥለው አባባ ሙሜ ከዘራቸውን ተደግፈው ጎነበሱ፤ ብዙ ቆይተው ቀና አሉ።

«ወላሂ፣ እኔ ጨለማ ብቻ ነው የማየው።»

እርጅና ነው ብሎ የሳቀ ነበር። አስተማሪው ግን ራሳቸው አይተው፣ «ልክ ነዎት አባባ። ምድር ስለምትዞር ከመስተዋቱ ወጥታለች፤ ከወጣችም ቆይታለች» አሉ። ማን እንደዋሸ አልጠየቁም። ቴሌስኮፑን አስተካከሉት፤ አባባ ሙሜም አይተው በቀስታ «ሱብሃነላህ» አሉ።

እንደገና ልይ ማለት ዋሽቼ ነበር ማለት ነው። ብዙ ካመነታሁ በኋላ የአባባን ሽርጥ ጫፍ ያዝኩ።

«አባባ፣ እኔም አላየኋትም ነበር።»

አልተቆጡኝም። «እንግዲያው ለአስተማሪሽ ንገሪያቸው ልጄ። ለእኔ ብቻ ከነገርሽኝ ሳታያት መቅረትሽ ነው።»

ፊቴ እየጋለ ነገርኳቸው። «ነይ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ነገር ግን በመሰላ ወረዳ በኩል የመጣው ደመና ቀደመኝ። ወር ሙሉ ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ወር ሳያት ትንሽ፣ ቢጫ፣ ጥርት ያለች ነበረች፤ መስተዋቱ ላይ የለጠፏት ሥዕል መስላኝ ዓይኔን አንስቼ ሰማዩን ተመለከትኩ።

ዛሬ ቦኬ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከእኔ ጋር የቀረው ከቀለበቷ ይልቅ፣ እኚያ የተከበሩ ሽማግሌ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያለ ምንም ሀፍረት የተናገሩት ቃል ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጇን ያቀፈች እናት ደጅ ላይ ስትጠብቀኝ፣ እርግጠኛ ካልሆንኩ ባልደረባዬን እጠራና «ነይ እስቲ፣ እኔ አልታየኝም» እላታለሁ። እስከዛሬም ቃሉ ከአፌ በቀላሉ አይወጣም።