የሀርሺኗ ማያ

ጅግጅጋ መሥሪያ ቤታችን የስልክ ማዞሪያ ላይ የተቀመጥኩት ተምሬ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ገመዱን የት ሰክቼ የት እንደምነቅል ያሳየችኝ ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የያዝኩት በዚያች ወንበር ነው።

ከመሃል አገር ተዛውሮ የመጣው አለቃችን ስልክ ማለት እኔ እመስለው ነበር። ነፋስ ሽቦ ቢበጥስም ጥፋቱ የእኔ፣ የደወለለት ሰው ቢታጣም የእኔ። አንድ ቀን ደወለና፣ "ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም" አለኝ።

ታዲያ አሁን በምን እያናገሩኝ ነው ልለው ቃጣኝና ዋጥኩት። "እሺ ጓድ፣ አየዋለሁ" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩለትና ተሠርቷል አልኩት።

"እናንተ ካልጮኹባችሁ አትሠሩም" አለ።

በዚህ ላይ የሀርሺን ነገር መጣ። እዚያ ያለው የቅርንጫፋችን ኃላፊ ቢሮ አይውልም፤ ስልኩን የሚያነሳው ዘበኛው ነው። ድምፁ ቀጭን፣ አማርኛው ጥቂት። "ኃላፊው አለ?" ሲባል "ማያ" ብሎ ይዘጋል። በሶማሊኛ "የለም" ማለቱ ነው።

አለቃችን አስጠራኝ። "ይቺ ማያ የምትባል ሴት ማን ናት? በደወልኩ ቁጥር ስሟን ነግራኝ ትዘጋብኛለች።"

ሳቄ መጣ። ሳይወጣ ደረቀ።

"እሷን እዚህ አምጥቼ ሥርዓት አስተምራታለሁ። አንቺ በእሷ ቦታ ሀርሺን ትሄጃለሽ" አለ።

ሀርሺን ድንበር ነው። ልጆቼ የሚማሩት ጅግጅጋ፣ ዘመድ የለኝ፤ ማን ላይ ጥያቸው እሄዳለሁ? እውነቱን ብነግረው ያፍራል። ያፈረ አለቃ ደግሞ በዚያ ዘመን ምን ስም እንደሚለጥፍብሽ አይታወቅም። ወጣሁና ሀርሺን ደወልኩ፤ ዘበኛውን በገበያ ሶማሊኛዬ ለመንኩት።

"አባዮ፣ ምን አጠፋሁ?" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

"ምንም። ብቻ ከእንግዲህ 'የሉም' በል። ድምፅህንም ወፈር አድርገው።"

"የሉም።"

"ትንሽ ወፈር።"

"የሉም" አለ፣ ግመል የሚያስቆም ይመስል።

ከሰዓት በኋላ ለአለቃዬ፣ "ጓድ፣ ማያ ሥራ ለቃለች" አልኩት። አላመነኝም፤ አገናኚኝ አለ። አገናኘሁትና ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ወፍራሙ ድምፅ "የሉም" አለ።

"እንደምመጣባት ሰምታ ነው የሸሸችው" አለኝ አለቃዬ። "ይሄኛው ቢያንስ አንቱታ ያውቃል።"

የዝውውሩን ነገር መልሶ አላነሳውም፤ እኔም አላስታወስኩትም። በኋላ በስብሰባ ላይ የሀርሺንን ሥነ ሥርዓት እንዴት እንዳስተካከለ ሲያወራ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ልጆቼ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ግን የሀርሺን መስመር በተነሳ ቁጥር ልቤ እየደለቀ ኖርኩ። ያን ዘበኛ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካው ለእሱ እንደጸለይኩ ለወንድሜም አልጸለይኩም።