የመቅደስ ስለት በሰው አገር

ከመርሳ የወጣነው በፍልሰታ ጾም፣ መሸት ሲል ነው። ወልድያ ተይዛለች ተብሎ ከተማው ተተራምሶ ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝ ጠዋት የልጃችንን ኢንሱሊን ፍለጋ ወደ ወልድያ እንደሄደ አልተመለሰም። መቅደስ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ያለ መርፌው አትኖርም። የቀረችን አንዲት ብልቃጥ ነበረች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኋት።

ጎረቤታችን ሰይድ አይሱዙውን አስነስቶ፣ «ውጪ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

«የመቅደስን አባት።»

«ውርጌሳ አድርሻችሁ እመለሳለሁ። እሱን እኔ እጠብቀዋለሁ። መጥቶ ልጁን ሞታ ቢያገኛት ምን ልትይው ነው?»

ወጣሁ። መቅደስ መኪናው ላይ አልቅሳ ስታበቃ፣ «አባዬ የሄደው ለእኔ ነው» አለች። ከውርጌሳ በሌላ መኪና ደሴ ገባን።

ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ደጋግ ሰዎች ባመቻቹልን መንገድ ጣልያን ገባን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለ ደሳለኝ ግን ከሰይድም ከማንም የሰማነው የለም። እዚህ ኢንሱሊን አይጠፋም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋናዬን አልጨርሰውም። ሌላው ሌላ ነው። በነሐሴ ዝናብ የለም። ፀሐዩ እንደ አገራችን ቆላ፣ እንደ ሐራ ሜዳ ያቃጥላል፤ ግን እንደ ሐራ ጥላ ሥር ጠርቶ ውሃ የሚሰጥ ሰው የለም።

አከራያችን ሲኞራ አንድ ቀን ሽሮ ስሠራ በር ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ያዙ።

«እዚህ ቤት የሞተ ነገር አለ?» አሉ። መቅደስ ተረጎመችልኝ።

«የለም በያቸው። ጾም ነው። ሥጋም ወተትም አንነካም።»

«በዓመት ስንት ቀን ነው እንዲህ የምትሆኑት?»

«ከግማሽ ዓመት በላይ።»

ሲኞራ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምን አጥፍታችሁ ነው?» አሉ።

ሐኪም ቤቱ ከአንድ ተመራማሪ ዶክተር ጋር አገናኘን። ሰው የበላው ስኳር በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራ ሰው ነው። የመቅደስን ክብደት፣ የምትበላውን፣ የምትወጋውን አስገብቶ እሷን የምትመስል ልጅ ሠራ። መልክ የላትም፤ መስመር ብቻ ናት። ስትበላ መስመሩ ይወጣል፣ ስትወጋ ይወርዳል።

«የመድኃኒቱን መጠን መጀመሪያ በእሷ ላይ እሞክራለሁ። ብሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም» አለን። መረቅሁት።

የዘንድሮው ፍልሰታ ከገባ በኋላ ግን አስጠራን። የመቅደስ ክንድ ላይ የተለጠፈው መለኪያ የስኳሯን መጠን ለእሱ ይልካል።

«ጠዋት ጠዋት ትበላለች ወይ ይላል» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

«እንዴታ። መርፌዋን ወግቻት፣ ቁርሷን አቅርቤላት ነው ወደ ጽዳት ሥራዬ የምወጣው። ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ይጠብቀኛል በይው።»

ነገረችው። እሱም ሁለት መስመር አሳየኝ። አንዱ ተወግታ የበላችው የኮምፒውተር ልጅ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ተወግታ ያልበላችው። ከዚያ የመቅደስን የራሷን መስመር ደረበበት። ባልበላችው ላይ ልክክ አለ።

«መቅደስ?»

«ስለት አለብኝ» አለች። «አባዬ እንዲገኝ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሁ ነው።»

ሕመምተኛ ጾም የለበትም፤ የንስሐ አባታችን ገና እንደታመመች አሰናብተዋት ነበር። ስለት ግን በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ነው፤ ካህን ካልሆነ ሰው በገዛ ፈቃዱ አይፈታውም።

ዶክተሩ የማትበላዪቱን መስመር ወደፊት አስኬደው። ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ቀረ።

«ከዚያስ በይው።»

«ራሷን ትስታለች፤ ልትሞትም ትችላለች። የኮምፒውተሯን ልጅ ግን እንደገና ከመጀመሪያው አስነሳታለሁ ይላል።»

«አንቺንስ?»

ይህን አልተረጎመችለትም።

ቤት ስንገባ ካልበላሽ አልወጋሽም አልኋት። «እንግዲያው አልወጋም» አለች። ያለ መርፌውም ሞት ነው። «አባ ካልፈቱኝ አልበላም።»

ወደ መርሳ ደወልሁ። መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረኝ፤ በመጨረሻ የንስሐ አባታችን አነሱት።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ልጄ፣ በሰላም ነው?»

ነገርኋቸው።

«ስለ ምንድን ነው የተሳለችው?»

«አባቷ እንዲገኝ።»

በእሳቸው በኩል ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። መስመሩ አልተቆረጠም።

«አባ፣ አሉ?»

«አለሁ። ትብላ። ፈትቻታለሁ። የቀረውን እኔ እጾምላታለሁ።»

ስለ ደሳለኝ የሰሙት ነገር እንዳለ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትሁ። መቅደስ ማንኪያውን ይዛ ፊቴን ታያለች። አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልጨመሩም።

«በረከትዎ ይድረሰን» ብዬ ዘጋሁት።

ልጄ ተወጋች፤ በላችም። እየበላች፣ «ስለ አባዬ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ይጾሙልናል» አልኋት።

አሁን ጠዋት ሳህኗ ባዶ እስኪሆን አጠገቧ እቆማለሁ። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ደሳለኝ ልጠይቅ ብዬ የአባን ቁጥር አወጣለሁ። አየዋለሁ፣ ሳልደውል መልሼ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ አደርገዋለሁ።