«አትያያዙ!» ይሉን የነበሩት ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃ ዘለቀ ወርቁ ለንደን፣ ካምደን ውስጥ ባለ ሆስፒታል ማረፋቸው የተነገረኝ ማክሰኞ ጠዋት በስልክ ነው። የደወለችልኝ ነርስ ስማቸውን እንደምንም ከጠራች በኋላ «ቤተሰብ ነሽ?» አለችኝ። ፎርሙ ላይ የቅርብ ዘመድ ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ነበርኩ። «ተማሪያቸው ነኝ» አልኳት። ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እሳቸው ራሳቸው ስላዘዙኝ ነው፤ ትእዛዙን ለመፈጸም ፈርቼ እንደነበር ግን አልደብቅም።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው ሃክኒ ባለው የመዋኛ ገንዳ ነው። ለብዙ ዓመታት ላይፍጋርድ ሆነው ዋናተኞችን ሲጠብቁ ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያናችን ለምንመጣ ሴቶች በነፃ ዋና ያስተምሩን ነበር። እሳቸው ራሳቸው ዋና የተማሩት እዚሁ ለንደን፣ አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አንዲት እናት በዋና ልብስ ወንድ ፊት አልቆምም ብለው ሊመለሱ ሲሉ፣ ሃምሳ አለቃ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በጆሯቸው ብቻ አስተማሯቸው። «እሰማዎታለሁ፤ ግራ እግርዎ ሰንፏል!» ይሉ ነበር። ገንዳው በሳቅ ሞላ።

ከዚያች ቀን በቀር ወንበራቸውን ከአንድ ቦታ አንቀሳቅሰው አያውቁም፤ የገንዳው ወለል ድንገት ተቋርጦ ጥልቁ በሚጀምርበት። ሥራ አስኪያጇ ስንት ጊዜ ብታነሣው መልሰው ያመጡታል። ማንም ሳይገባ በፊት ቆመው ውኃውን ያዩታል። አንድ ሰው ከውስጡ እስኪወጣ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ደንባቸው አንድ ነው፤ «አትያያዙ!» ፈርተን እጅ ለእጅ ከተያያዝን ያ ረጋ ያለ ድምፃቸው ይለወጣል። «ልቀቂያት! ለየብቻ! ውኃ ውስጥ የያዝሽው ሰው ይዞሽ ነው የሚወርደው!» እንግሊዞቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው ያያሉ። እኔ በጀልባ ባሕር አቋርጬ የመጣሁ ሰው ነኝና በመጀመሪያው ቀን የብረት መሰላሉን አልለቅ አልኩ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «ጀልባው ላይ ማንን ይዘሽ ነበር?» አሉኝ። «አጠገቤ የነበረችውን። ስሟን እንኳ አላውቅም» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ተነሥተው ሄዱ፤ የዚያን ዕለት አልተመለሱም።

ስቶክዌል የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስሜን አታንሺ ስላሉኝ እኅቱ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ወንድማቸው ሃምሳ አለቃ የሚመሩት ጓድ ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ከመርከብ ወርዶ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ባጠቃበት ጠዋት ሞተ። እኅቱ በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ሲዘክሩ ሃምሳ አለቃን «የወንድሜ አለቃ» ብለው ከቄሱ ቀጥሎ ያስቀምጧቸዋል። ወንድማቸው በጥይት እንደሞተና እንዳልተሠቃየ የነገሯቸው ሃምሳ አለቃ ናቸውና። ሃምሳ አለቃ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ ሲበሉት ግን አይቼ አላውቅም፤ በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ስንመለስ «ለምን አይበሉም?» ብላቸው «ለእኔ አይገባም» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳንባቸው ውኃ መቋጠሩን ሲነግራቸው ፈገግ አሉ። ወደ እኔ ዞረው «አገኘኝ እንግዲህ» አሉ። ከዚያም በሩን እንድዘጋ አዘዙኝ።

«ዘጠኝ ነበርን። ባሕርን ያየነው በዚያው ሳምንት ነው። ጎሕ ሲቀድ ጀልባው ወደ ዳርቻው ተጠጋ፤ ተኩስ ይመጣል። እኔ ወንዝ መሰለኝ። እኛ አገር ክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰው ተያይዞ አይደል የሚሻገር? ‹በቀበቶ ተሳሰሩ› ብዬ አዘዝኩ። ጅራቱ ላይ እኔ ታሰርኩ።»

ከፊታቸው የታሰረው የእኅቱ ወንድም ነበር። የጣና ዳር ልጅ ነው፤ ከዘጠኙ ዋና የሚያውቀው እሱ ብቻ። ስሙን አንድ ጊዜም ሳይጠሩ ነገሩኝ። «‹ሃምሳ አለቃ፣ ይህ እንደ ወንዝ አይደለም። ከአሸዋው ወዲያ ወለሉ ሊጠልቅ ይችላል፤ ባንታሰር› አለኝ። በሰው ፊት ስላረመኝ ተናደድኩ። ‹ዝም ብለህ እሰር!› አልኩት። አሰረ።»

ጀልባው ፊቱን እንደ በር አውርዶ ሲዘረግፋቸው ውኃው ጉልበት ድረስ ነበር። ደስ አላቸው። ጀልባው የቆመው ግን የአሸዋ ቁልል ላይ ነው። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ መሬቱ ጠፋ። የፊተኛው ጥይቱንና ጠመንጃውን እንደተሸከመ ሰጠመ፤ ሁለተኛውን ሳበው፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን።

«ጥይት አንዳችንንም አልነካም ልጄ። እያየሁ በየተራ ገቡ። እሱ ዞር ብሎ አየኝ። ሳንጃዬን መዝዤ በእሱና በእኔ መካከል ያለውን ቀበቶ ቆረጥኩት። ከእሱ ፊት ያለውን ብቆርጥ እሱም ይተርፍ ነበር። ክንዴ ይደርስ ነበር። ክንዴ ይደርስ ነበር።»

ከመሳቢያው የፕላስቲክ ከረጢት አስወጡኝ። ውስጡ የተቆረጠ የቀበቶ ጫፍ ነበር፤ ዘለበቱ ዝጓል። «መጀመሪያ ለእኅቱ ንገሪያቸው፤ ይህንንም ስጪያቸው። ከዚያ ለሁሉም ጻፊው። እኔ ወኔ አጣሁ» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩባቸው። ሸክማቸውን እኔ ላይ ጭነው ሊያርፉ! ያን ቀን ሳልስማቸው ወጣሁ። ከአራት ቀን በኋላ ነርሷ ደወለች።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ስቶክዌል ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ሊፍቱ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ነገርኳቸው። እኅቱ ቀበቶውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «አስረው ነው የገደሉት በይኛ» አሉ። ዘለበቱን እየዳሰሱ ደግሞ «ዋና እንደሚያውቅማ አውቃለሁ። ጥይት ነው ሲሉኝ ያመንኩት ለዚህ ነበር። ውኃ እሱን አይገድለውም ብዬ» አሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ቆሙልኝ፤ ወጣሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ገንዳው ስንደርስ እኅቱ ካፖርታቸውን እንደለበሱ የሃምሳ አለቃ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ውኃውን ሲያዩ ዋሉ። በተከታዩ ቅዳሜ የዋና ልብስ ይዘው መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸውና ልንደግፋቸው ሮጥን። «አትያዙኝ» አሉ። በጥልቁ በኩል ገቡ። ውኃውን ሳያንቦጫርቁ እስከ ጫፍ ሄደው ተመለሱ።

መሰላሉን ይዘው ወደ እኔ ቀና አሉ። «ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ጻፊው። የእኔን ስም ተዪው፤ የእሱን ግን ጻፊ። ዋና ያውቅ እንደነበርም ጻፊ።»

«ይቅርታስ?» አልኳቸው።

«ይቅርታው ጋ ገና አልደረስኩም» አሉኝ።

ሃምሳ አለቃ፣ ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ይቅርታ ግን አላመጣሁልዎትም። አግኝቼልዎታለሁ ብዬ መዋሸት አቃተኝ፤ ውሸት እርስዎን ሲያሳርፍዎት አላየሁም። ሳልስምዎት በመውጣቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ወንበርዎ ከቦታው አልተነሣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኅቱ ይቀመጡበታል። እኔም ውኃ ውስጥ ማንንም አልይዝም። ወታደርዎ አንዷለም ይባላል፤ ዋና ያውቅ ነበር። እዚያ ካገኙት፣ የሚልዎትን አሁን ዝም ብለው ያዳምጡት።