እትዬ ዘይነባ መንታ ያደረጉን ቀን

በደርግ ዘመን ነው፣ ናዝሬት። ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ሳቄ ያመልጠኛል። ያኔ ግን ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር።

ጴንጤ እየተባልን የምንታሰርበት ጊዜ ስለነበር እሁድ ከሰዓት እኛ ቤት ተሰብስበን በሹክሹክታ እንዘምራለን። በዚያ የናዝሬት ሙቀት መስኮት ዘግተን፣ ብርድ ልብስ ጋርደን፣ ላባችን ጠብ እያለ! ጫማችን እንኳ በር ላይ እንዳይታይ አልጋ ስር ይገባል። የውጭ ሰው ድርሽ አይልም። ከሁሉ የምንፈራው በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸውን የወሎዋን እትዬ ዘይነባን ነበር። ሲያንኳኩ በሩን ገርበብ አድርገን እዚያው ቆመን ነው የምናነጋግራቸው።

ድንገት ሰው ከመጣ ሽፋናችን ልደት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ሻማ አይጠፋም። ልደቱ የማን እንደሆነ መነጋገር ግን ለካ ረስተናል!

አንድ እሁድ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩን በርግዶ ገባ።

"የምን ስብሰባ ነው?"

"ልደት ነው" አልን ባንድ ድምፅ።

"የማን?"

"የኔ!" አልኩ። "የኔ!" አለ እኩል ከጎኔ የነበረው ጌቱ፣ ከቡልቡላ የመጣው ልጅ።

አለቀልን! ሁላችንንም እየነዳ እስር ቤት ሲያስገባን ታየኝ።

ይሄኔ እትዬ ዘይነባ ትሪ ሙሉ ሳምቡሳ ይዘው፣ እልል እያሉ ከች አሉ። "እሰይ! እንኳን አደረሳችሁ መንታዎቼ!"

ጠባቂው ሁለታችንን አስተያየን። ጌቱ ጠይም፣ ጭንቅላቱ ኮርኒስ ሊነካ የደረሰ። እኔ ቀይ፣ ከብብቱ ስር የምቀር ድንክ።

"እነዚህ ናቸው መንታ፣ እማማ?"

"ታዲያስ! እሱ ቀድሞ ስለወጣ ነው የረዘመው። ይልቅ ቁጭ በልና ብላ፣ ምን ይገትርሃል!"

ሰውዬው ሳቁ አመለጠው። ሳምቡሳውን እየጎረሰ "በሉ ዝፈኑላቸዋ!" አለ። እኛን ነው? ስንት ጊዜ ታፍኖ የከረመ ድምፅ! የልደቱን ዜማ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ለቀቅነው። እሱም አጨበጨበ።

ሲሄድ በሳቅ ወለሉ ላይ ተዘረርን።

"እንዴት አወቁ እትዬ?" አልኳቸው።

"ግድግዳው ጭቃ እኮ ነው ልጆቼ! እናንተን እየሰማሁ ነው ሥራዬን የምሠራው። ይልቅ ያችን ቀስ ብላ የምትጀምረዋን መዝሙር ምነው ተዋችኋት? እሷን ስወዳት!"

መግቢያ አጣሁ። በር ላይ ስናቆማቸው የኖርነው ሴትዮ ለካ ምስጢራችንን ይዘውልን ኖረዋል። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ያችን መዝሙር ዘለናት አናውቅም። እትዬም ገብተው ይቀመጡ ጀመር።

ቆይቶ እኔና ጌቱ ልንጋባ ሆነ። ሰፈሩ ጉድ አለ፣ መንታ እህቱን! ጠባቂው ሰርጋችን ላይ መጥቶ ጆሮዬ ስር "ያኔም ገብቶኝ ነበር እኮ፣ ሳምቡሳው ነው ዝም ያሰኘኝ" አለኝና እየሳቀ ወደ እትዬ ዘይነባ ትሪ ሄደ።

ጌቱ እስከ ዛሬ "መንታዬ" ነው የሚለኝ። እትዬ ካረፉ ቆዩ። አሁን በአዳራሽ፣ በማይክራፎን ነው የምንዘምረው። ያች መዝሙር ስትጀመር ግን ሳቅና እንባ እኩል ይመጡብኛል፤ እትዬ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው የሚሰሙን ይመስለኛልና ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።