ነባሩን አሳዩኝ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢቋጠር ምን ያህል ቦታ ይይዛል? በማስተማር ዘመኔ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ እየወረወርኩ ዝምታቸውን እንደ ጥበብ እቆጥረው ነበር። መልሱን ያገኘሁት በትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ነው፦ አንድ የብስኩት ጣሳ።

በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ሆኖም እትዬ የማይላት አልነበረም። «እትዬ ሳህን» ያሏት ቀልደኞች ናቸው። አዲስ የኮምፒውተር ዲስክ፣ ያ ሳህን መሳዩ ሲዲ፣ ሲመጣ ሌላው ሰው አሮጌውን ይጥላል፤ እሷ ከቅርጫት አንስታ፣ በጨርቅ ጠርጋ በጣሳዋ ትደረድራለች።

«እትዬ፣ ሳህኑ በዛ፤ እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?» ይሏታል።

«እናንተ እጃችሁን ታጠቡ እንጂ መምጣቱ አይቀርም።»

የተቀጠረችው በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ኮምፒውተር ሲገባ አብሮት የመጣውን መመሪያ በቃሏ እስክትወጣው አነበበችና ማንም ሳይሾማት ጠጋኝ ሆነች።

እኔ በበኩሌ አሥራ አንድ ዓመት የሸማኔውን፣ የአናጢውን፣ የግንበኛውን ቃላት ስለቅም ኖሬ፣ መዝገበ ቃላት ይወጣዋል ብዬ በክፍሉ ብቸኛ ኮምፒውተር አስጽፌ ነበር። ቃላቱን መጀመሪያ የጻፍኩባቸውን ካርዶች ምስጥ ጨርሷቸዋል። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቀጥ አለ። እትዬ ሳህንን ጠራኋት።

የግዢ ኃላፊው አዲስ ዲስክ ይዞ ከተፍ አለ። ልባሱ ላይ «ማሻሻያ» የሚል ተጽፏል። እሱ ደግሞ ማሻሻያ ማለት ከዋናው የተሻለው ማለት መስሎት ነው የገዛው፤ የተሻለው ከመጣ ብሎም ዋናው ሥርዓት የተጫነበትን ነባር ዲስክ ቀድሞ አስወግዶታል። እትዬ ሳህን ልባሱን አገላብጣ አየች።

«የኔ ጌታ፣ ሱሪ ሳይኖርህ መጣፊያ ገዛህ?»

ያም ሆኖ ሞከረችው። ኮምፒውተሩ አጉረመረመና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ምን አለ ብላት፣ «ነባሩን አሳዩኝ ነው የሚለው» አለችኝ። የድሮው ሥርዓት ስለተበላሸ አዲሱ ዲስክ ሊያውቀው አልቻለም፤ ነባሩ እንደነበረን ማስረጃ ይፈልጋል። ፀጉሬ ቆመ። ስለ ሰው ልጅና ስለ ትዝታ ስንት ሰዓት ለፍልፌአለሁ፤ ይህ ቆርቆሮ ግን በአንድ መስመር ጨረሰው፦ ከምን እንደመጣህ ካላሳየህ ወደፊት የለም።

ኃላፊው ሁሉንም ደምስሳ እንደ አዲስ እንድትጭን መከራት። ብደመስሰውም ይህንኑ መጠየቁ አይቀርም፣ የሚጠፋው የጋሼ ቃላት ብቻ ነው አለችው። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበች።

ነባሩ ዲስክ ከጣሳው ወጣ፤ ድመት የቧጨረችው ይመስላል። ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ጠረገችው። ዙሪያውን ከጠረጉት ጭረቱ ይብስበታል አለች። ኮምፒውተሩ ዋጠው፣ አቃሰተ፣ ተፋው። እንደገና ጠረገችው፤ እንደገና ተፋው። በሦስተኛው ግን መሽከርከሩ ረጋ። ነባሩን አየ፣ አመነ፣ አዲሱን ጠየቀ። ዲስኩን ለወጠች።

ከምሳ በኋላ ፋይሌ ተከፈተ። ከላይ የቆመው ቃል «መወርወሪያ» ነበር፤ የሸማኔው። ከአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ አንድ ፊደል አልጎደለም። ያለ አንዳች ሐሳብ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ለሊቃውንት እንኳ እንዲያ ተነሥቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ የጠገንኩት ወንበሩን አይደለም» አለችኝ።

ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጣች። በዚያው ሰሞን ጣሳው በንብረት ዝርዝር የሌለ ቁርጥራጭ ተብሎ እንዲወገድ ኮሚቴ ተቀመጠ። ከሦስቱ ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው። ወረቀቱን አላነበብኩትም፤ ስብሰባው ረዝሞብኝ ነበር። አሁን አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ባየሁ ቁጥር የሚያቃስተው እኔ ውስጥ ነው።

የሄደች ዕለት ስጦታ ምን ይሁንልሽ ብለን ጠይቀናት ነበር። ሰዓትም ሻርፕም አልፈለገችም። ጣሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይቺን ብቻ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አኑሩልኝ፤ ነባሩን አሳዩኝ የሚልበት ቀን ይመጣል» አለችን።